የቀኙ ወንበር

እስቲ ጠጋ በሉ። የማጫውታችሁ "ጠጋ በሉ" ማለት ክልክል ስለነበረበት ጊዜ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር 2020፣ በእኛ 2012 ዓ.ም.፤ መጋቢት ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የጠራበት፣ አሜሪካ ውስጥ ሰውና ሰው ስድስት ጫማ ይራራቅ የተባለበት፣ ለቀስተኛ እንኳ ተቃቅፎ ማልቀስ ያልቻለበት ጊዜ። በዚያ ጊዜ አንዲት ልጅ አውሮፕላን ማብረር ትማር ነበር። ስሟን አልጠራም፤ ልጅቱ እንበላት።

ልጅቱ የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው፤ ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ ምዕራብ ወረድ ብሎ ማናሳስ አጠገብ። እናቷ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ አቅም ያነሳቸውን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች። ልጅቱ ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ትደረድርና፣ ከደሞዟ ቆጥባ ቅዳሜ ቅዳሜ ማናሳስ አውሮፕላን ማረፊያ ትሄዳለች። አስተማሪዋ የእኛው ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የአውሮፕላን ጥገና የሠሩ፣ ባሕር ከተሻገሩ በኋላ መጀመሪያ አብራሪ፣ ቀጥሎም አስተማሪ የሆኑ፣ ስድሳን ያለፉ ሰው። "ጋሼ" ትላቸዋለች።

የሚማሩባት አውሮፕላን ሴስና 172 ናት። ከ1956 ወዲህ ከ44,000 በላይ ተሠርታለች፤ በዓለም ላይ የእሷን ያህል ብዛት የተመረተ አውሮፕላን የለም። ውስጧ ግን ጠባብ ነው። ከበር እስከ በር አንድ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ተማሪ ከግራ፣ አስተማሪ ከቀኝ ይቀመጣሉ፤ ትከሻ ከትከሻ ይነካካል፤ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው ይስባል። ስድስት ጫማ ተራራቁ የሚለው አዋጅ እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም።

ማርች ሲገባ ልጅቱ ሶሎ ለመውጣት ተቃርባ ነበር። ሶሎ ማለት አስተማሪው ከቀኙ ወንበር ወርዶ ተማሪው ብቻውን ተነስቶ ብቻውን የሚያርፍበት ቀን ነው። ያን ቀን የረሳ አብራሪ አላጋጠመኝም። ማርች 30 ግን የቨርጂኒያው ገዥ ነዋሪው ሁሉ ከቤቱ እንዲቀመጥ አዘዙ። ትምህርት ቤቱም በሩን ዘጋ።

ልጅቱ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የሴስናን የመሣሪያ ሰሌዳ በትልቁ አሳትማ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፤ ዓይኗን ጨፍና ቼክሊስቱን ጮክ ብላ ትወጣዋለች፤ ግራ እጇ መሪውን፣ ቀኝ እጇ የሞተሩን ጋዝ መጨመሪያ ስሮትሉን ይይዛል፣ እግሮቿ የሌለ ፔዳል ይረግጣሉ። እናቷ ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ልብሷን ለብቻ ከትታ፣ ታጥባ ስትወጣ ልጇ ከግድግዳ ጋር ስታወራ ታገኛታለች። መጀመሪያ ደነገጠች። በኋላ ግን ጋቢዋን ደርባ ራቅ ብላ ትቀመጥና "ዛሬስ የት ደረስን?" ትላት ጀመር።

ማታ ማታ ጋሼ ይደውላሉ። ሰላምታው ሳያልቅ "ሞተሩ ጠፋ!" ይላሉ። "68 ኖት!" ትላለች ልጅቱ፤ ያቺ ሴስና ሞተሯ ሲጠፋ ሩቅ የምትንሳፈፍበት ፍጥነት ነው። "የት ታርፊያለሽ? ንፋሱ ከየት ነው?" ይቀጥላል። ዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ሰማይ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት ወዲህ በልዩ ሕግ ስለሚጠበቅ፣ የዚያንም ትምህርት በኢንተርኔት ወስዳ ጨረሰች።

እናላችሁ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ሜይ 29 ከፈት ማለት ጀመረ። ልጅቱ በዚያው ዕለት ደወለች። "ጋሼ፣ ቅዳሜ እንብረር?"

"ቆይ እስቲ ልጄ" አሏት። "እኔና አንቺ ከመገናኘታችን በፊት እኔና ሐኪሜ እንገናኝ፤ ከዚያ እኔና አውሮፕላኗ እንገናኝ። ያንቺ ተራ ከዚያ በኋላ ነው።"

የሐኪሙን ነገር ላስረዳችሁ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄድ ስለከበደው፣ በእነዚያ ወራት ጊዜው የሚያበቃ የአብራሪ የጤና ምስክር ወረቀት ለጊዜው እንዲራዘም ፈቅዶ ነበር። የጋሼም ወረቀት ከተራዘሙት አንዱ ነው። ሕጉ ይብረሩ ይላቸዋል። እሳቸው ግን "ወረቀቴን አራዘሙልኝ፤ ልቤን ማን አየልኝ?" ብለው ቀጠሮ እስኪያገኙ ጠበቁ። ሐኪሙ ካያቸው በኋላ ነው ወደ ሃንጋሩ የሄዱት።

አሁን ወደ አውሮፕላኗ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የዘነጋው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ጸደይ ከዓለም የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከግማሽ በላዩ መሬት ላይ ቆሞ ነበር፤ ትንንሾቹም እንዲሁ። የቆመ አውሮፕላን ያረፈ እንዳይመስላችሁ፤ ይበላሻል። ጋሼ መጀመሪያ ያዩት ከግራ ክንፍ ሥር የወጣችውን ፒቶ የምትባል ቀጭን ቱቦ ነው። ፊት ለፊት የሚመጣውን አየር ተቀብላ ለፍጥነት መለኪያው የምትነግር እሷ ናት። ሽፋኗ ካልተደረገ ተርብ ይገባና በጭቃ ይደፍናታል። በ1996 ፌብሩዋሪ 6፣ ከዶሚኒካን ሪፐብሊኳ ፖርቶ ፕላታ የተነሳ ቦይንግ 757 ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰው ሁሉ አልቋል። አውሮፕላኑ ለቀናት ቆሞ ነበር፤ መርማሪዎች የጠረጠሩት ፒቶው ውስጥ ጎጆ የሠራ ተርብ ነው። በዚያው በ2020 ኦገስት ላይም የአውሮፓ የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ቆመው የከረሙ አውሮፕላኖች ሲነሱ የተሳሳተ ፍጥነት እያሳዩ መሆኑን አይቶ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ጋሼ ግን ማስጠንቀቂያውን ሳይጠብቁ ቱቦዋን በባትሪ ብርሃን አዩ፣ ከዚያም መካኒኩን ጠርተው አስፈተሹ። የሞተሩን ክዳን ሲያስከፍቱ ደግሞ የወፍ ጎጆ ተገኘ፤ ደረቅ ሣርና ላባ፣ ሞተሩ ሲግል እሳት የሚሆን።

ነዳጁንም እንዲሁ። ታንኩ ውስጥ የገባ ወይም ያላበው ውሃ ከሥር ይጠራቀማል፤ ሞተሩን የሚያጠፋው ከተነሱ በኋላ ነው። የእነሱ ሴስና ነዳጅ ተቀድቶ የሚታይባቸው 13 ቀዳዳዎች አሏት። ጋሼ አሥራ ሦስቱንም እየቀዱ ሰማያዊው ነዳጅ ጥርት ብሎ እስኪታይ አልሄዱም። መካኒኩም ዘይቱን ለውጦ፣ ማጣሪያውን ቆርጦ ከፍቶ የብረት ብናኝ ፈለገ፤ የዚህ ሞተር ካምሻፍት ከላይ በኩል ስለሆነ ከቆመ ዘይቱ ተንጠባጥቦ ይወርድና ብረቱ ለዝገት ይጋለጣል። ብዙ ባለ አውሮፕላኖች በየሳምንቱ መጥተው ሞተሩን እዚያው ቆሞ እያስነሱ ያጠፉት ነበር፤ ደግ ያደረጉ መስሏቸው። ሞተር በሚገባ ሳይግል ሲጠፋ ግን ውስጡ እርጥበት ይቀራል። በርሮ እንዲግል ማድረግ ካልሆነ ባይነኩት ይሻላል።

ጽዳቱም የራሱ ጣጣ ነበረው። ያኔ ሰው ሁሉ አልኮልና በረኪና ይዞ ይዞር አልነበር? በረኪና አሉሚኒየም ይበላል። አልኮል ደግሞ የአውሮፕላኑን መስኮት በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላዋል፤ መስኮቱ ብርጭቆ ሳይሆን ፕላስቲክ ነውና። ጋሼ ፈሳሹን በጨርቅ እያረጠቡ መሪውን፣ ስሮትሉን፣ የበር እጀታውንና የቀበቶውን ማያያዣ ጠረጉ፤ መሣሪያ ላይ ምንም አልረጩም። ከሁሉ የምወድላቸው ግን ቀጥሎ ያደረጉትን ነው። ጠርገው ሲጨርሱ ቼክሊስቱን አንስተው ማብሪያ ማጥፊያዎቹን፣ የነዳጅ መዝጊያውን፣ ቁልፉን አንድ በአንድ ፈተሹ። የሚጠርግ እጅ ሳያውቅ ይነካካል፤ ቫይረስን ሲያባርር ነዳጅ የዘጋ እጅ ደግሞ ገዳይ ነው።

ጁን አጋማሽ ላይ ልጅቱ መጣች። ትምህርቱ በስልክ አስቀድሞ ተነግሯታል፤ ኮክፒት ውስጥ ወሬ የለም። ሄድሴቷ የራሷ ነው፤ ከማይክሮፎኑ ጫፍ ያለችው ስፖንጅ ከአፍ የሚወጣውን ሁሉ ስለምትሰበስብ የሰው ሄድሴት መዋስ ቀርቷል። ሁለቱም ጭምብል አድርገዋል፤ ከክንፉ ሥር የሚመጣው የአየር ማስገቢያ በግራም በቀኝም ተከፍቷል። ማይክሮፎኑ በጭምብሉ ላይ ስለሚውል ድምፅ ይታፈናል፤ የማማው ተቆጣጣሪ ደጋግሞ ያስደግማት ነበር። መነጽር ታደርጋለችና ከመነሳታቸው በፊት ጉም ለበሰባት። ጋሼ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ አስቆሟት፤ ጭምብሉን ከአፍንጫዋ በላይ አጥብቃ እስክታስተካክል፣ መነጽሩም እስኪጠራ አልተነሱም። ከኋላቸው ሌላ አውሮፕላን ይጠብቃል። "ይጠብቅ" አሉ።

ልጅቱ ካቆመችበት ለመቀጠል ቸኩላ ነበር። ጋሼ ግን ወደ ኋላ መለሷት፤ በዝግታ መብረር፣ ስቶል (ክንፉ መሸከም ሲያቅተው ማዳን)፣ መዞር፣ ጀማሪ ተማሪ የሚማረውን ሁሉ። ማሳረፉ ላይ ያ ሁሉ የወጥ ቤት ልምምድ ታየ፤ ቃሉና ቅደም ተከተሉ አንድም አልጠፋባትም። እጇ ግን ረስቷል። መሬት የምትቀርብበትን ፍጥነት ዓይኗ አልለካላትም፤ አፍንጫውን ቀድማ ታነሳዋለች። ያንን ከግድግዳ መማር አይቻልም። አርፈው ሲወርዱ ግምገማው ከክንፉ ጥላ ሥር፣ አንዱ በአንደኛው ክንፍ፣ ሌላው በሌላኛው ቆሞ ሆነ።

ጁላይ ላይ፣ ዓርብ ማታ፣ እናቷ ከሥራ ስትገባ ፊቷ ልክ አልነበረም። "ዛሬ ያጠብኳቸው አዛውንት ኮሮና ተገኘባቸው" አለች፤ መኝታ ቤቷ ገብታም በሩን ዘጋች።

ልጅቱ ወጥ ቤት ቀረች። ትኩሳት የላትም፣ አትስልም። አብራሪዎች ከፍታ ላይ ኦክስጅናቸውን የሚለኩባትን፣ በዚያ ዓመት በየቤቱ የገባችውን ጣት ላይ የምትደረግ መለኪያ አድርጋ አየች፤ 98 ይላል። የነገው አየር ጥርት ያለ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚያስሞላት ወረቀት የሚጠይቀው ትኩሳትና ሳል አለብሽ ወይ ብሎ ነው፤ "የለብኝም" ብላ ብትፈርም አልዋሸችም። ሶሎዋ ደግሞ ደርሷል፤ ጋሼ ፊት ለፊት ባይነግሯትም ታውቀዋለች።

ስልኩን አነሳች። "ጋሼ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ ግን እማዬ..." ብላ ነገረቻቸው።

"እናትሽ እንዴት ናት?" አሉ መጀመሪያ። ደህና መሆኗን ከሰሙ በኋላ "እንግዲህ ሁለት ሳምንት አንበርም" አሏት።

"ወረቀቱ ላይኮ ይሄ የለም ጋሼ። ልነግርዎት ይገባል ብዬ ነው እንጂ።"

"ወረቀቱ የጠየቀሽ ስለ ግራው ወንበር ነው" አሉ። "አንቺ ስለ ቀኙ ወንበር አሰብሽ። ይሄን እኔ አላስተማርኩሽም።"

አሥራ አራት ቀን እናትና ልጅ በየክፍላቸው ተቀመጡ፤ ምግቡ በር ላይ ይቀመጣል፣ ወሬው በግድግዳ ይሻገራል። የምርመራው ውጤት መጣ፤ ሁለቱም አልተያዙም። "እንግዲያው ባትደውልስ ምን ይቀርባት ነበር?" የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ጥቁር ደመና አይቶ በረራውን የሰረዘ አብራሪ፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ቢጠራ አልተሳሳተም። ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነበት ሰዓት በታወቀው ነገር ነው። ያን ዓርብ ማታ የታወቀው፣ እናቷ ከታማሚ ጋር መዋሏና ከእሷ አንድ ክንድ ርቀት ላይ የሚቀመጡት ሰው ስድሳን ያለፉ መሆናቸው ነበር። በዚያ ዓመት ስንት ሰው "ምንም አይለኝም" ብሎ ስንት አዛውንት ቤት እንደገባ የቀበርን እናውቃለን።

ሴፕቴምበር ላይ አንድ ማለዳ፣ ነፋሱ ረግቶ፣ ጥቂት ከዞሩ በኋላ ጋሼ አውሮፕላኗን ዳር አስቆሟት። ቀበቷቸውን ፈቱ። "ሦስት ጊዜ ተነሺ፣ ሦስት ጊዜ አርፊ" ብለው ወረዱ፤ የቀኙን ወንበር ቀበቶ መሪው ላይ እንዳይጠላለፍ አስረው በሩን ዘጉ።

ልጅቱ ጭምብሏን አወለቀች። ብቻዋን ናት፤ የምትጎዳው ሰው የለም። ማማውን ስትጠራ ተቆጣጣሪው ጭምብል ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያስደግማት ሰማት። የጋሼ ክብደት የቀረላት ሴስና ከወትሮው ቀድማ ከመሬት ተላቀቀች፣ ፈጥናም ወጣች። የመጀመሪያው ማረፊያ ለስለስ አለ። ሁለተኛው ነጠር አለና ጋዝ ጨምራ ተነስታ እንደገና ዞረች፤ ጋሼ ከዳር ሆነው "ጎሽ!" አሉ፤ የተበላሸን ማረፊያ ትቶ መነሳት ከማረፍ ያላነሰ ነገር ነውና። ሦስቱን አሟልታ ቆመች።

አሜሪካኖች ሶሎ የወጣን ተማሪ የሸሚዙን ጀርባ ይቆርጡታል። የሚቆርጠው አስተማሪው ነው። ጋሼ ግን መቀሱን ልጇን ለማየት ለመጣችው እናቷ አቀበሏት፤ ከልጇ ጋር አንድ ቤት የምትኖረው እሷ ናትና። እናትየው መቀሱን ይዛ ሸሚዙን አየች፤ ትናንት የተገዛ ነው።

"እውነት ልቁረጠው?"

"ቁረጪው" አሉ ጋሼ ከስድስት ጫማ ርቀት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ "ቀኑንና የአውሮፕላኗን ቁጥር የምንጽፍበት ያህል።"

እናት ቆረጠች። ጋሼ በረራውን መዝገቧ ላይ ጽፈው ፈረሙና ክንፉ ላይ አስቀምጠውላት ወደ ኋላ ራቅ አሉ። "ቅዳሜ የጎን ንፋስ እንጀምራለን" አሏት። "ዓርብ ማታ ደውይልኝ።"