ጠፈር ከየት ይጀምራል? የኤክስ-15 አብራሪዎች ጉዳይ

የሕግ ትምህርት የማይለቅ ልማድ አስይዞኛል። ማንኛውም ሰነድ እጄ ሲገባ ቀድሜ የማነበው «ትርጓሜ» የሚለውን አንቀጽ ነው። ኤክስ-15 ስለተባለው የሮኬት አውሮፕላን ሳነብም ከፍጥነቱ ይልቅ የሳበኝ የትርጓሜ ጣጣው ነበር።

ኤክስ-15 የአሜሪካ አየር ኃይል፣ ባሕር ኃይልና ናሳ በጋራ ያካሄዱት የምርምር አውሮፕላን ነው። ሦስት ብቻ ተሠርተው እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1968 ድረስ 199 ጊዜ በረሩ። አብራሪዎቹ 12 ነበሩ። አውሮፕላኑ ከመሬት አይነሳም፤ በቢ-52 ቦምብ ጣይ ክንፍ ሥር ተንጠልጥሎ ወደ 13.7 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከወጣ በኋላ ይለቀቃል። በአሞኒያና በፈሳሽ ኦክስጅን የሚሠራው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በታች ነዶ ያበቃል። የቀረው መንገድ ሁሉ ያለ ሞተር ነው። አየሩ እጅግ በሚሳሳበት ከፍታ የክንፍና የጅራት መሪዎች ስለማይሠሩ፣ አብራሪው አውሮፕላኑን የሚያዞረው ጋዝ በሚተፉ ትንንሽ አፎች ነበር። ፔት ናይት እ.ኤ.አ. በ1967 በሰዓት 7,274 ኪሎ ሜትር የበረረው በዚሁ ነው።

አሁን ወደ ትርጓሜው እንምጣ። አየር ኃይሉ ከ50 ማይል፣ ማለትም ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ለወጣ አብራሪው የጠፈርተኛ ክንፍ ይሸልማል። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ወሰኑን 100 ኪሎ ሜትር ያደርገዋል። የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት ደግሞ ጠፈር ከየት እንደሚጀምር ጭራሽ አይናገርም።

ከ12ቱ አብራሪዎች 8ቱ የ50 ማይሉን ወሰን አልፈዋል። አምስቱ የአየር ኃይል መኮንኖች ክንፋቸውን አገኙ። ከእነዚህ አንዱ ማይክል አዳምስ ሽልማቱን አላየውም፤ ኅዳር 15 ቀን 1967 (እ.ኤ.አ.) 81 ኪሎ ሜትር ከፍታ ደርሶ ሲመለስ አውሮፕላኑ ከቁጥጥሩ ወጥቶ እየተሽከረከረ ወረደና አየር ላይ ተሰባበረ። በኤክስ-15 በረራ ሕይወቱን ያጣ እርሱ ብቻ ነው።

የናሳ ሲቪል አብራሪዎች የሆኑት ጆ ዎከር፣ ጆን ማኬይና ቢል ዳና ግን ያንኑ ወሰን አልፈው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የሚገርመው፣ ከሁሉም መካከል 100 ኪሎ ሜትርን ያለፈው ዎከር ብቻ መሆኑ ነው፤ ያውም እ.ኤ.አ. በ1963 ሁለት ጊዜ፣ አንዱን 108 ኪሎ ሜትር ድረስ! አየር ኃይሉን አልወቅስም፤ ደንቡ የራሱን ሰዎች ብቻ የሚመለከት ነው። ጥያቄዬ ለናሳ ነው፤ ለገዛ ሠራተኞቹ ተመሳሳይ ደንብ ለማውጣት ምን ከለከለው?

ናሳ ሦስቱን የሸለመው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 ነው። ዎከር በ1966 በሌላ የሙከራ አውሮፕላን አጠገብ ሲበር ተጋጭቶ ሞቷል፤ ማኬይም በ1975 አርፏል። የሁለቱን ክንፍ ቤተሰቦቻቸው ተቀበሉ። በሕይወት ቆይቶ የራሱን የተረከበው ዳና ሲሆን፣ በጥቅምት 1968 የኤክስ-15ን የመጨረሻ በረራ ያደረገውም እርሱ ነበር።