ሂካ ማለት ፈታ ማለት ነው

በአማርኛችን «ፈታ» የሚለው ግስ ብዙ ሥራ አለበት። እስረኛ ይፈታል፤ ቋጠሮ ይፈታል፤ ሕልምም ይፈታል። በኦሮምኛ «ሂኩ» የሚለው ግስም እንዲሁ ነው፤ ገመድ መፍታትም ሆነ ንግግር መተርጎም በዚያው በአንድ ቃል ይነገራል። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ወላጆቹም ሂካ አሉት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውድ አንባቢ፣ ይህን ልጅ ኦኔሲሞስ ነሲብ በሚለው ስሙ ሰምታችሁት ይሆናል። «የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነሣና ይታለፋል። እኔ ግን ዛሬ ሌላ ጥያቄ ይዛችሁ እንድታነቡት እፈልጋለሁ። አንድ ሰው እንደ ዕቃ ከተሸጠ በኋላ ለእርሱ ፍትሕ ማለት ምንድን ነው? ሰንሰለቱን መቁረጥ ይበቃልን?

ሂካ አባቱን ያጣው ገና በሕፃንነቱ ነበር። አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጠቁት። ከዚያ በኋላ ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተላለፈ ቀይ ባሕር ዳር፣ ምፅዋ ደረሰ። ምፅዋ በዚያ ዘመን ባሪያ ወደ ውጭ ከሚወጣባቸው በሮች አንዷ ነበረች፤ ከእርሷ ወዲያ ጀልባ፣ ከጀልባው ወዲያ ዐረብ አገር ነው።

እዚህ ላይ የማይመቸንን ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ታሪኩን እንበድለዋለን። ባርነት በክርስቲያን ነገሥታት ግዛት የታወቀና የተለመደ ነገር ነበር። ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ይመሰክርና፣ ወረድ ብሎ ጦርነት የተሸነፈውን ለአሸናፊው ባሪያ እንደሚያደርገው ይናገራል። አፄ ቴዎድሮስ፣ አፄ ዮሐንስና አፄ ምኒልክ በየዘመናቸው የባሪያ ንግድን የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተዋል፤ ነጋዴው ዐዋጁን ሰምቶ መንገዱን ቀጠለ። እኛ ወንጌላውያንም «ይህ የእኛ ጉድ አይደለም» ብለን እጃችንን ለመታጠብ አንቸኩል። በዚያው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በቃላቸው የሚያውቁ ሰባኪዎች፣ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈውን መልእክት ኮብላይ ባሪያ ለጌታው እንዲመለስ እንደ ማስረጃ ይጠቅሱት ነበር። መጽሐፉን መያዝ ብቻውን ሰውን ፍትሐዊ አያደርገውም። ይህን ቀድመን ካላመንን ቀጥሎ የምነግራችሁ ሁሉ የራስ ማሞገሻ ይሆንብናል።

ሂካን በ1870 ነጻ ያወጣው ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል በምፅዋ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረ የስዊስ ሰው ነው። ሙንዚንገርን ጻድቅ አድርጋችሁ አትሳሉት። ይኸው ሰው ኋላ በግብፅ መንግሥት አገልግሎት ገብቶ፣ በ1875 የግብፅ ጦር እየመራ ሲገባ አውሳ ላይ ተገድሏል። እግዚአብሔር የሚጠቀምበት እጅ ሁሉ ንጹሕ ነው ያለን የለም። ቆንስሉ ልጁን ነጻ አወጣው፤ ከዚያም ለስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። የመጀመሪያው ሥራ በአንድ ቀን አለቀ። ሁለተኛው ስልሳ ዓመት ወሰደ።

የስዊድን ሚስዮናውያን በ1866 ምፅዋ የደረሱት ወደ ኦሮሞ ምድር ለመሄድ ዐቅደው ነበር። መንገዱ ተዘጋባቸው። እነርሱ ወደ ኦሮሞው መሄድ ሲያቅታቸው ኦሮሞው በባሪያ ነጋዴ እጅ ወደ እነርሱ መጣ። ልጁ በ1872 የትንሣኤ ዕለት ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ።

ስሙ በዘፈቀደ የተሰጠ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ኦኔሲሞስ የፊልሞና ባሪያ ነበር፤ ጳውሎስ በስሙ ትርጉም እየተጫወተ፣ ቀድሞ የማይጠቅም የነበረው አሁን የሚጠቅም ሆነ ይላል። በወጣቶች ጥናት ላይ ይህን መልእክት ባነሣን ቁጥር አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ታዲያ ጳውሎስ ‘ባርነት ይሻር’ ብሎ ለምን ቁርጥ አድርጎ አልጻፈም?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቀላሉ ልመልሰውም አልሞክርም። ጳውሎስ ያደረገውን ግን ተመልከቱ። ባሪያውን እንደ ወንድም፣ እንደ እኔው አድርገህ ተቀበለው አለ፤ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው ብሎ በገዛ እጁ ፈረመ። ወንድምህን አትሸጠውም። ይህን ቃል የሰማ ጌታ ወይ ልቡን ይለውጣል ወይ ደብዳቤውን ይደብቀዋል። የአሜሪካ ሰባኪዎች መላኩን አንብበው እንዴት እንደሚቀበሉት የተጻፈውን ዘለሉት። በምፅዋ ግን ያው ስም ወደ ማንም ጌታ ለማይመለስ ልጅ ተሰጠ።

ኦኔሲሞስ ስዊድን ሄዶ በዮሐንሉንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረና በ1881 ተመለሰ። ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ። ሌላ አገር ያለ ጸሐፊ ይህ ላያሳስበው ይችላል፤ በእኛ ቋንቋ ግን በገበያ የተሸጠን ሰው ማንም አንቱ አይለውም ነበርና ነገሩ ቀላል አይደለም።

ኦኔሲሞስ ከስዊድን እንደ ተመለሱ ያሰቡት ወገናቸው ዘንድ መድረስ ነበር። በሱዳን በኩል ተነሡ፤ የማህዲስቶች ጦርነት መንገዱን ዘጋውና በ1882 ወደ ካርቱም ተመለሱ፤ በዚያም በንዳድ ታመሙ። እንደ ገና ሞክረው እስከ እንጦጦ ደረሱ፤ ከዚያም እንዲመለሱ ታዘዙ። በምፅዋ አጠገብ ባለችው በእምኩሉ ተቀመጡና እግራቸው ያልደረሰበት ቃሉ እንዲደርስ መተርጎም ጀመሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ኦኔሲሞስ ከእናታቸው የተነጠቁት በአራት ዓመታቸው ነው። የአራት ዓመት ልጅ «ውሃ ስጪኝ» ማለት ይችላል፤ «ፈራሁ» ማለት ይችላል። የመዝሙረ ዳዊትን ልቅሶ፣ የኢዮብን ሙግት፣ የሮሜን መልእክት ክርክር የሚሸከም ቋንቋ ግን ከሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ከሠርግና ከለቅሶ ቤት፣ ከማታ ተረት የሚለቀም ነው። ያንን የሚለቅሙበትን ዘመን ባሪያ ነጋዴዎች ወስደውባቸዋል። የባርነትን ጉዳት ስናስብ ጅራፉንና የጉልበት ሥራውን እናያለን። ይኸኛው ጉዳት ግን ጠባሳ ስለሌለው አይታይም፤ ሰውዬው ነጻ ወጥቶ፣ ተምሮ፣ ባለ ሙያ ሆኖ ሳለ ለገዛ ቋንቋው እንግዳ ነው። ይህን ዕዳ ቆንስልም ሆነ ዐዋጅ ሊከፍልለት አይችልም።

ጉድለቱን የሞላችው ሌላ ባሪያ ነበረች። በ1886 የጣሊያን መርከቦች ወደ ዐረብ አገር ባሮች የሚያሻግር ጀልባ በባሕር ላይ ያዙ። (ጣሊያን ምፅዋን ከያዘች ገና አንድ ዓመቷ ነው፤ ስለ ንጹሕ እጅ ያልኩትን እዚህም አስታውሱ።) ከተረፉት መካከል አስቴር ጋኖ የምትባል ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ነበረች። ነጻ ተወልዳ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ የተደረገች ናት። በእምኩሉ ትምህርት ቤት አስጠጓት፤ ማንበብና መጻፍ ተማረች። ልጅቱ ቋንቋውን ይዛ መጥታ ነበር። ለትርጉሙ ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ የኦሮምኛ ቃላትን ሰብስባ መዘገበች። ከዚያም አልፋ አምስት መቶ ያህል ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ከትዝታዋ እየቀዳች ጻፈች። ብዙዎቹም በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በተዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ ታተሙ።

የሚስዮን ማተሚያ እንቆቅልሽ ያትማልን? አንዳንድ መንፈሳዊ ሰው «ዓለማዊ ነገር» ብሎ ፊቱን ሊያጠቁር ይችል ነበር። እኔ ግን ከዚያ መጽሐፍ የበለጠ ወንጌል የሚመስለኝ የለም። ሊሸጡ በጀልባ የተጫኑ ልጆች ልብሳቸው እንኳ የራሳቸው አልነበረም። አያት ከምድጃ ዳር የነገረቻቸው ተረት ግን አብሯቸው ባሕሩ ዳር ደረሰ። በገበያ ዋጋ ያልነበረው ይህ ነገር ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ፊደል መቁጠሪያ ሆነ። ሰው በእግዚአብሔር አምሳል ተፈጥሯል ብሎ ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ የዚያን ሰው የእናቱን ተረት ለማተም ቀለምና ወረቀት ማውጣት ሌላ ነው። አስቴር ባትኖር ኖሮ በሥራው ላይ የኦኔሲሞስ ስም ብቻውን ይቆም ነበር ማለት አይደለም፤ ሥራው ራሱ በቆመበት መልክ ባልቆመ ነበር። ስሟ ግን ከእርሳቸው ስም ጋር ሲጠራ የምሰማው ጥቂት ጊዜ ነው፤ እኅቶቼ ይህን ልብ እንድትሉት ያስፈልጋል።

አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በ1899 በስዊስ አገር፣ በባዝል አቅራቢያ በቅድስት ክሪሾና ታትሞ ወጣ። የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነው፤ ዛሬ በቁቤ የምታነቡ ሁሉ አንድ ቅጂ ብታገኙ መጀመሪያ ግራ ይገባችሁ ይሆናል። ያንን ፊደል ለዘመናት በብራና ላይ ጠብቃ ያቆየችው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መሆኗንም መርሳት የለብንም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ስናነብ ፍርዳችን ሚዛኑን እንዳይስት ይረዳናል።

ኦኔሲሞስ በ1904 ነቀምቴ ገቡ፤ አስቴርም አብረው ሄዱ። መጀመሪያ ከተነሡ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የወለጋው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ) ሞረዳ በክብር ተቀበሏቸው። ሕዝቡ የሚሰማው ቋንቋ ይሰበክ ጀመር። ጥቂት ሳይቆይ የአካባቢው ካህናት ከሰሷቸው፤ በ1906 አዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው እንዲጋዙ ተፈረደባቸው። አፄ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው። መስበክ ግን ተከለከሉ።

አፋቸው ተዘጋ ስንል ወደ ትምህርት ቤቱ ገቡና ማስተማር ቀጠሉ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ እስኪፈቅዱላቸው ድረስ ዐሥር ዓመት ያህል በዚህ አለፈ። ይህን ዘመን «የዝምታ ዘመን» ብለው የሚያልፉት አሉ፤ እኔ አልስማማም። መድረክ የተከለከለ ሰው ልጆችን በቋንቋቸው ማንበብ ካስተማረ ምኑ ዝም አለ? ያነበበ ልጅ ሌላ ሰው እንዲያነብለት አይጠብቅም፤ በማያውቀው ወረቀት ላይም ጣቱን አይፈርምም።

«ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ግን ትርጉምና ፊደል ፍትሕ ነውን? ባርነትን ያስቀረው ሕግ ነው» የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ ሕጉ ያስፈልግ ነበር። ሕግ ብቻውን ያልደረሰበትን ግን ዛሬም በመካከላችን እናየዋለን። ሰው በቆዳው ጥቁረት «ባሪያ» ተብሎ ይሰደባል፤ ሰዳቢው በማግስቱ «የክርስቶስ ባሪያ ነኝ» ብሎ ይጸልያል። በካፋ የማንጆ ሰዎች ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ሲገፉ ኖረዋል። በብዙ አካባቢ ሸክላ ሠሪው፣ ፋቂውና ቀጥቃጩ በጋብቻ ይለያሉ። እጮኝነት ሲጀመር «ዘሩ ምንድን ነው?» ብሎ የሚያጠና ምእመን በእኛም ጉባኤ አለ። ይህን የሚከለክል ዐዋጅ ቢወጣ እንኳ በማዕዱና በሠርጉ ቤት ማን ያስፈጽመዋል? ጳውሎስ ፊልሞናን የያዘው እዚያው ቤቱ ውስጥ ነው።

ኦኔሲሞስ በ1931 ነቀምቴ ላይ አረፉ። ባርነትን ፈጽሞ የሻረው ዐዋጅ የወጣው በ1942 ነበር፤ እርሳቸው ከሞቱ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። አስቴር ጋኖ ግን በሕይወት ነበሩ። በጀልባ ተጭነው ሊሸጡ ከነበሩበት ቀን ሃምሳ ስድስት ዓመት አልፎ፣ በወለጋ ከማንበብ ያስተማሯቸው ልጆች ገሚሶቹ የልጅ እናት ሆነው ነበር።