የትውልድ ምሰሶና የታሪክ ትምህርት

በአዲስ አበባ የልደታ ሠፈር ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው በምትካቸው ፎቆች ቆመዋል። መሐንዲሱ መሬቱን ለክቶ ካርታውን አውጥቷል። ዳሩ ግን ዕድሩን ማን እንዳቋቋመው፣ መንደሩም ስሙን ከምን እንዳገኘ ካርታ አይናገርም። ይህን የሚያውቁት አረጋውያን ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሠፈር ተበትነዋል።

የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ ትምህርትም ተመሳሳይ ጉድለት አለበት። ትምህርቱ ለረጅም ዘመን በዜና መዋዕልና በባዕዳን ተጓዦች ማስታወሻ ላይ ያተኮረ ስለ ነበር፣ ጽሑፍ ያልነበራቸው ሕዝቦች በራሳቸው አንደበት የተነገሩት እምብዛም ነው።

ይሁን እንጂ መዝገብ ሁሉ በብራና ላይ አይጻፍም። በድንጋይ እርከኖቹ የታወቀው የኮንሶ ሕዝብ ሥልጣን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ በየ18 ዓመቱ በመንደሩ አደባባይ የትውልድ ምሰሶ ያቆማል። በቦረናም እያንዳንዱ አባ ገዳ ለ8 ዓመት ይመራል፤ ዘመኑም በእርሱ ስም ይጠራል። ፕሮፌሰር አሥመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ ሥርዓቱን ለዓለም ምሁራን በሰፊው አስተዋውቀዋል። ዩኔስኮም የኮንሶን መልክዐ ምድር በ2003 ዓ.ም.፣ የገዳን ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በቅርስነት መዝግቧል።

እንግዲህ መምህሩ ይህን እንዴት ወደ ክፍል ያግባው? የምሰሶውን ወሬ ለጌጥ ያህል መጥቀስ አይበቃም፤ እንደ ማንኛውም ሰነድ ሊመረመር ይገባል። የዩኔስኮ መዝገብ የኮንሶ ባህል 21 ትውልድ፣ ይኸውም ከ400 ዓመት በላይ እንዳስቆጠረ ይገልጻል። 21 በ18 ሲባዛ ግን 378 ይሆናል። ልዩነቱ ከየት መጣ? አቆጣጠሩ የተጀመረው መቼ ነው? ምሰሶው ሳይተከል የዘገየበት ጊዜ ይኖር ይሆን? ተማሪው ይህን ሲጠይቅ ነባሩን ዕውቀት አይንቅም፤ ይልቁንም ለብራናው የሚሰጠውን ክብር ይሰጠዋል።

የልደታ ተማሪም ወደ ኮንሶ መጓዝ አያሻውም። የአንድ አረጋዊ ነዋሪን ቃል ከአሮጌው የሠፈር ካርታ ጋር ቢያስተያይ ያው ትምህርት በእጁ ነው። በዚህ ረገድ የመሐንዲሶች ድርሻ ቀላል አይደለም። ከመፍረሱ በፊት የተነሣው ፕላን በየቢሮው መደርደሪያ ከሚያረጅ ለታሪክ መምህሩ ቢደርስ መልካም ነው። ፕላኑ ሊቆይ ይችላል፤ አረጋዊው ግን አይጠብቅም።