ድሬዳዋ፦ በፊሽካና በአዛን መካከል

ስለ ድሬዳዋ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ጨዋታው፣ ጫቱና ቀለል ያለው ኑሮው ነው። ጸሎትና ዱዓ የሚታወሰው ሐረር ስትጠራ ነው። ይህ ድሬን በአንድ ዓይን ማየት ነው።

ከተማዋን የወለዳት ባቡር መሆኑ እውነት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ቀረ፤ ቦታውም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የመኒው፣ ግሪኩና አርመኑ ለእንጀራ ሲመጣ ግን ጸሎቱን ትቶ አልመጣም።

ችግሩ ባቡር የራሱ ሰዓት አለው። መንግሥትም ነበረው፦ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ የመንግሥት የሃይማኖት በዓላት የክርስቲያኑ ብቻ ነበሩ። ለሙስሊሙ ሠራተኛ ዒድ በወረቀት ላይ ተራ የሥራ ቀን ነበር ማለት ነው። (ይህን ዛሬ ለወጣቶች ሲነግሯቸው አያምኑም።) ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ነበሩ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ ይኸው የበዓል ጉዳይ ነበር። ደርግ ሥልጣን በያዘ ማግስት ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ።

የዕለቱን ጸሎት በተመለከተ ግን ድሬ ላይ ከሕጉ በፊት ሙቀቱ ፈርዷል። ቀትር ላይ ቢሮው ይዘጋል፣ ሱቁም ገርበብ ይላል። ዙህር የሚሰገደው፣ ጋደም የሚባለው፣ ጫቱ ከመቀንጠሱ በፊት ተመራርቆ አሚን የሚባለው በዚያው ሰዓት ነው።

ባቡሩም ቢሆን የጸሎት ጠላት ብቻ አልነበረም። ራስ መኰንን ለዐድዋ ድል ስለታቸው ያሠሩት ቁልቢ ገብርኤል በታኅሣሥና በሐምሌ 19 የሚጎርፍለትን ተሳላሚ ለዘመናት እስከ ድሬ ያደረሰው እሱ ነው። ከዚያ በመኪና፣ ወይም በእግር ዳገቱን። ስለት ከሚያስገቡት መካከል ሙስሊምም አይጠፋም።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የከዚራው ጣቢያ ፊሽካ እንደ ድሮው ሰዓት አይነግርም። መጋላ ላይ ሰው ሲቀጣጠር ግን አሁንም «ከመግሪብ በኋላ» ይባባላል፤ ክርስቲያኑም ጭምር።