ከወንዙ ማዶ፦ የአዲስ አበባ መንገደኛ ታሪክ

የከተማን ታሪክ ከቤተ መንግሥቱና ከሐውልቱ ተነሥቶ መጻፍ የተለመደ ነው። የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ ግን ሌላ ነው፤ አንድ መንገደኛ ጧት ከቤቱ ወጥቶ «በየት በኩል ብሄድ ቶሎ እደርሳለሁ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን በየዘመኑ ማን እንደሰጠው ለመመርመር ነው። ጥያቄው ተራ ይመስላል። ልብ ብሎ ለተመለከተው ግን የአዲስ አበባ መሬት፣ የገዢዎቿ አሰፋፈርና የነዋሪዋ ኑሮ በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ታጥፈው ይገኛሉ።

አስቀድሞ ስለ መሬቱ። ከተማይቱ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ደቡብ ያዘቀዘቀች ናት። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ሌሎቹም ወንዞች በዚሁ አቅጣጫ ይወርዳሉ። ስለዚህ በሁለት ወንዞች መካከል ያለውን ጉብታ ተከትሎ ከላይ ወደ ታች ለሚሄድ ሰው የሚያግደው ነገር ጥቂት ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሻገረውን ግን በየመካከሉ ገደልና ፈፋ ይጠብቀዋል። ማዶ ያለው ጎረቤት ድምፁ ይሰማል፤ ከደጁ ለመድረስ ግን ወርዶ መውጣት ግድ ነው። በዐይን የቀረበው ሰፈር በእግር ይርቃል።

እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አካባቢ ቤት ማሠራት ከጀመሩበት ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ መሬት ላይ የተዘረጋው አሰፋፈር የጦር ሰፈር አሰፋፈር ነበር። ግቢው በመካከል፣ መኳንንቱ በየጉብታው፣ ጭፍራቸው በዙሪያቸው። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ሥርዓት ቅሪቶች ናቸው። ለእኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ሰፈር የሚመለከተው ወደ ግቢው እንጂ ወደ ጎረቤቱ ሰፈር አልነበረም። ባላባቱ ደጅ ሊጠና የሚሄድበት መንገድ ተደልድሏል፤ ድኻው ከዘመዱ ቤት ለቅሶ ሊደርስ የሚሄድበት ግን ፍየል የጠረገችው ዱካ ነበር። ክረምት ሲገባና ወንዞቹ ሲሞሉ ያም ዱካ ይቆረጥ ነበር፤ ሊሻገር ሲል ውሃ የወሰደውም ሰው ጥቂት አይደለም።

ራስ መኮንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ ቀበና ድልድይ እያልን ዛሬም አቅጣጫ የምንነጋገረው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ አገር ድልድይ የከተማ ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ በአዲስ አበባ ግን የተበታተኑትን ሰፈሮች አንድ ከተማ ያደረጋቸው ድልድይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚያን ዘመን ፈጣን መንገደኛ ማን ነበር? በቅሎ የተቀመጠው መኰንን ነው ለማለት ይዳዳን ይሆናል። ይሁንና መኰንኑ በግራና በቀኝ እግረኛ አጃቢ ያስከተለ ስለሆነ አካሄዱ ዝግ ያለ ነበር። ክብር አይቸኩልም፤ በመድረክ ላይ ንጉሥ ሮጦ ሲገባ ያየ ተመልካች እንደሚስቅ የቴአትር ሰዎች እናውቃለን። ፈጣኑ ፈፋውን አቋርጦ የሚወርደው ባዶ እግሩን የሆነ መልእክተኛ ነበር ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ደረሰላቸው። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ከከተማይቱ ደቡባዊ ጫፍ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ወደ ለገሃር ወረደች። የፋሽስት ወረራ ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ሲወስድ ነዋሪውን በዘር ለመለየት አስቦ ነበር፤ በዚህም የሕዝቡን የዕለት ጉዞ ሁሉ ወደ ምዕራብ ጠመዘዘው። ከነፃነት በኋላ በ1930ዎቹ ዓ.ም. ጠላት ጥሏቸው በሄዱ ጥቂት ተሽከርካሪዎች የተጀመረው የአንበሳ አውቶቡስ ድኻውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሞተር ወንዝ አሻገረው። ሴቼንቶው ተከተለ፤ በአብዮቱ ዘመን ደግሞ ተሳፋሪዎቹ ፊት ለፊት ተፋጥጠው ስለሚቀመጡበት «ውይይት» የተባለው ታክሲ መጣ። ለመኪና ከወጡት ስሞች ሁሉ ይህን የሚያህል ዘመኑን የሚናገር አላውቅም።

እኔ ራሴ በወጣትነቴ ማታ ማታ ከስድስት ኪሎ ወደ ለገሃር አካባቢ ለቴአትር ልምምድ እወርድ ነበር። አራት ኪሎ ላይ ሚኒባስ ለመያዝ ስጋፋ ከመቆየት በእግር መውረድ እንደሚፈጥን የተረዳሁት ሁለት ጊዜ አርፍጄ አዘጋጁ ከተቆጣኝ በኋላ ነው። ሽቅብ ለመመለስ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ያው መንገድ ለወራጅና ለወጪ አንድ ርቀት የለውም።

ዛሬ በስልክ የሚጠራ ታክሲ አለ፤ ስልኩም መንገዱን ይመርጣል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር አንደኛው መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ማለትም ጥንት ክረምት በሚቆርጠው አቅጣጫ፣ ወንዞቹን ሁሉ ይሻገራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ባቡሮች ቆመዋል፤ ይኸም እውነት ነው። በእግሩ የሚሄደው ሰው ግን ዛሬም ብዙ ነው፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው ቀለበት መንገድም ሆነ የባቡሩ አጥር ለእርሱ አዲስ ወንዝ ሆኖበታል። መኪናው እንዲፈጥን የተከለከለው መሻገሪያ የእግረኛውን መንገድ አርዝሞታል። ይህንን የመንገድ ንድፍ የሚያወጡ ሰዎች በእግራቸው ቢለኩት መልካም ነበር።

በቅርቡ ከዚያ አጥር ሥር አንዲት ባልቴት ዘንቢል ይዘው ቆመው አገኘሁ። ማዶ ያለውን ቤት በጣታቸው እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ መሻገሪያው ከላይ ይቀርባል ወይስ ከታች?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥቂት አሰላሁና፣ «ከታች ያለው ይቀርባል እማማ፤ ግን ደረጃው ብዙ ነው» አልኳቸው። ዘንቢሉን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩና በላይኛው በኩል ሄዱ።