የካኖው የመድኃኒት ሙከራ፦ ጥርጣሬው ከየት መጣ? በካምፕ የሚኖር ሰውስ ምን ይጠይቅ?

የክትባት ዘመቻ ወይም አዲስ መድኃኒት ወደ ካምፕ በመጣ ቁጥር ሰልፉ ላይ አንድ ወሬ አይጠፋም፤ «መሞከሪያ ሊያደርጉን ነው» የሚል። ወሬው አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለም። ግን ዝም ብሎ ከመሬት የተነሳም አይደለም። በአፍሪካ የመድኃኒት ኩባንያዎች ነገር ሲነሳ ደጋግሞ የሚጠቀሰው በሰሜን ናይጄሪያ፣ በካኖ ከተማ በ1996 የተደረገው ሙከራ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ምን ተደረገ?

በዚያ ዓመት ናይጄሪያን ከባድ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ መታት። ከ10 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። በካኖ የተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በሽተኞችን በነፃ ያክም ነበር፤ የሚሰጠውም ከጥንት የታወቀውን ክሎራምፌኒኮል ነው።

የአሜሪካው ኩባንያ ፋይዘር የገባው እዚያው ግቢ ነው። ትሮቫን የሚባል፣ ገና ያልተፈቀደ አንቲባዮቲክ ነበረው። ወደ 200 የሚሆኑ ሕፃናት ተመረጡ፤ ግማሾቹ ትሮቫን፣ ግማሾቹ ደግሞ ለማነጻጸሪያ ሴፍትሪያክሶን ተሰጣቸው። 11 ሕፃናት ሞቱ፤ 5ቱ ትሮቫን፣ 6ቱ ሴፍትሪያክሶን የወሰዱ ነበሩ። ሌሎች ልጆች የመስማት፣ የማየትና የመንቀሳቀስ ጉዳት እንደደረሰባቸው ቤተሰቦች ተናግረዋል።

ክርክሩ ምን ነበር?

ወላጆች ያሉት ይህን ነው፦ መድኃኒቱ ሙከራ ላይ ያለ መሆኑን ማንም አልነገረንም። እዚያው አጥር ግቢ ውስጥ የታወቀ ሕክምና በነፃ እንዳለም አልተነገረንም። በክሱ ላይ ደግሞ የትሮቫን ውጤት የተሻለ እንዲመስል ሴፍትሪያክሶኑ ከሚገባው በታች ተሰጥቷል የሚል ነበረበት።

ፋይዘር ይህን አልተቀበለም። ወላጆች በቃል ፈቅደዋል፣ ሕፃናቱን የገደለው በሽታው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም ብሎ ተከራከረ። የሞቱት ልጆች ቁጥርም በሁለቱ ወገን ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ የካኖ ትልቁ ጥያቄ «መድኃኒቱ ገደለ ወይ?» ብቻ አይደለም። «ልጇ የሚሞትባት እናት ምን እንደምትፈቅድ አውቃ ነበር ወይ?» የሚለው ነው።

ጉዳዩን በ2000 ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ይፋ አወጣው። የናይጄሪያ መንግሥት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ሙከራው ሕገወጥ እንደነበር ደመደመ፤ ሪፖርቱ ግን ለዓመታት ተደብቆ ቆይቶ በ2006 ነው የወጣው። በ2009 ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ ሳይል ከካኖ ክልል ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። የመጀመሪያዎቹ አራት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 175 ሺህ ዶላር ያገኙት በ2011 ነው፤ ከሙከራው 15 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ትሮቫንም ብዙ አልቆየም። በ1997 በአሜሪካ ለአዋቂዎች ቢፈቀድም በ1999 በጉበት ላይ በሚያደርሰው ከባድ ጉዳት አጠቃቀሙ ተገደበ፤ በአውሮፓም ታገደ።

ጥርጣሬው ወዴት ሄደ?

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። በ2003 ካኖ የፖሊዮ ክትባትን አቆመች። «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ነበር፤ የትሮቫን ጠባሳም ወሬውን አገዘው። ክትባቱ ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋረጠ። ቫይረሱ ከሰሜን ናይጄሪያ ተነስቶ ድንበር እየተሻገረ ሱዳን ደረሰ፣ ከዚያም ኢትዮጵያን፣ የመንንና ሶማሊያን ነካ። ፖሊዮ ጠፍቶባቸው በነበሩ አገሮች ሕፃናት እንደገና ሽባ ሆኑ። በኩባንያው ላይ የተነሳው ቁጣ ተገቢ ነበር፤ ዕዳውን የከፈሉት ግን ሌሎች ልጆች ናቸው።

እኛስ ምን እንጠይቅ?

መጀመሪያ ሁለቱን እንለይ። የፖሊዮ ጠብታና የኩፍኝ ክትባት ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚሰጡ ናቸው፤ ሙከራ አይደሉም። ሙከራ ወይም ጥናት ከሆነ ግን የራሱ ሕግ አለው። አንድ ሰው መጥቶ «ጥናት ላይ ተሳተፉ» ካላችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

• ይህ የተለመደ ሕክምና ነው ወይስ ጥናት? መድኃኒቱ ተፈቅዷል?
• ሌላ የታወቀ ሕክምና አለ? የት አገኘዋለሁ?
• ጥናቱን የፈቀደው የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው?
• ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ያክመኛል? ለማን እደውላለሁ?
• እምቢ ብል ሕክምናዬ ይቀርብኛል?

የመጨረሻው መልስ «አይቀርብህም» መሆን አለበት። እምቢ ማለትም፣ ከጀመሩ በኋላ ማቋረጥም መብት ነው። በጥናት አልሳተፍም በማለቱ ማንም ሰው የተለመደ ሕክምና ሊከለከል አይገባም። ወረቀቱ በሚገባችሁ ቋንቋ ይብራራ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ሲነበብለት ከአጥኚዎቹ ወገን ያልሆነ ምስክር አብሮ ይቀመጥ። የፈረማችሁበትን ወረቀት ቅጂም ተቀብላችሁ ከሌሎች ሰነዶቻችሁ ጋር አስቀምጡ።

ሰልፍ ላይ ሆኖ መጠየቅ ያሳፍር ይሆናል፤ ነርሷም ትቸኩል ይሆናል። ቢሆንም ጠይቁ። በካኖ ያኔ የጎደለው ይኸው ነበር፤ ወላጆች እንዲጠይቁ ጊዜ የሰጣቸው፣ የሚጠይቁትንም የነገራቸው ሰው አልነበረም።