ቆላ ያሳደገው ልጅ

ገለጉ ሄዶ የካሳን ስም ሳይሰማ የሚመለስ እንግዳ ያለ አይመስለኝም። ከተማዋ የቋራ ወረዳ መቀመጫ ናት። ሻይ ቤት ገብታችሁ ቁጭ በሉ፤ የመጀመሪያው ወሬ ስለ ሙቀቱ፣ ሁለተኛው ስለ ሰሊጥ ዋጋ ከሆነ ሦስተኛው ስለ መይሳው ነው። ከ2015 ዓ.ም. በፊት፣ አገሩ ደህና በነበረበት በአንድ የመኸር ወቅት፣ እኔም እዚያው ሻይ ስጠጣ አንድ አዛውንት በአገጫቸው ወደ መንገዱ እያመለከቱ «አየሃቸው እነዚህን ልጆች?» አሉኝ። ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ ጎረምሶች ናቸው። እግራቸው ላይ ነጠላ ጫማ፣ ትከሻቸው ላይ ፎጣ፣ እጃቸው ላይ በፌስታል የተቋጠረች ልብስ። ትልቁ አሥራ ዘጠኝ ቢሆነው ነው። ትንሹን አሥራ አራት ብዬ ገመትኩት።

«ቆላ ያልወረደ ልጅ ሰው አይሆንም» አሉኝ ሽማግሌው። «ካሳን ካሳ ያደረገው ይኸው በረሃ አይደለም እንዴ?»

አንገቴን ነቀነቅኩ። በሰው አገር፣ ያውም ቋራ ላይ ተቀምጦ፣ በካሳ ጉዳይ ክርክር የሚገጥም ማን ነው? ነገሩ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አብሮኝ ይዞራል። በረሃው ካሳን ካሳ አደረገው እንበል። ታዲያ ካሳ ቴዎድሮስ ከሆነ በኋላስ በረሃው ምን አደረገው?

ደራስያኖቻችን ይህን የካሳን ዕድሜ ወደውታል። ብዙው ሰው ቴዎድሮስ ሲባል መቅደላ ነው የሚታየው። አቤ ጉበኛ ግን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባሳተመው «አንድ ለናቱ» ወደ ልጁ ወደ ካሳ ነው የተመለሰው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምም እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝኛ ባወጣው «ዋሪየር ኪንግ» የሚተርክልን ሽፍታው እንዴት ንጉሥ ለመሆን እንደበቃ ነው። በዓለም ሥነ ጽሑፍም ቢሆን ይህ ራሱን የቻለ ወግ ነው፤ ልጁ ከቤት ይወጣል፣ አደጋ ያገኘዋል፣ ሰው ሆኖ ይመለሳል። የዲክንስ ፒፕ በአንዲት የገና ዋዜማ መቃብር ስፍራ ላይ ካመለጠ እስረኛ ጋር ይገናኛል፤ ያቺ ምሽት ሙሉ ዕድሜውን ትከተለዋለች።

የልብ ወለድ ችግሩ ግን መጨረሻውን አውቆ መጀመሩ ነው። ደራሲው ዘውዱን አስቀድሞ አይቶታል። ስለዚህ በልጁ ላይ የወረደው በትር ሁሉ ለዘውዱ የተደረገ ዝግጅት ሆኖ ይነበባል። በዚያው በትር የወደቁት ሌሎች ልጆች ግን ልብ ወለድ አልተጻፈላቸውም።

ታሪኩን እናንተም ታውቁታላችሁና በአጭሩ ላስታውስ። ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ አጣ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ተቸገሩ፤ ከመቸገራቸውም የተነሣ ኮሶ ሸጡ ተባለ። ልጁ ለትምህርት ጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ገባ። እዚያም፣ አለቃ ዘነብ እንደሚተርኩልን፣ ገዳሙ ተወረረና ተማሪዎቹ ሕፃናት ተሰለቡ። ካሳ አምልጦ ወጣ። አንድ ልጅ በዚያ ዕድሜው ጓደኞቹ ሲታረዱ ሰምቶ፣ በጨለማ ሮጦ፣ ነፍሱን ይዞ ከወጣ በኋላ ስለ ዓለም ምን እንደሚያስብ እኔ አላውቅም። የገዳም አጥር እንደማያስጥል ግን ያን ሌሊት ተምሯል።

በኋላ፣ ኅዳር 1859 ዓ.ም.፣ ጎንደርን ዘርፎ አብያተ ክርስቲያናቱን ያቃጠለው ይኸው ልጅ ነው። «አያችሁ! ከጨንከር ጀምሮ ነው» ለማለት እጄን ይበላኛል። ግን ራሴን ልያዝ። በመካከሉ አርባ ዓመት አለ፤ ከካህናቱ ጋር በቤተ ክርስቲያን መሬት የተነሣው ጠብ አለ፣ የከዱት መኳንንት አሉ፣ የራበው ሠራዊት አለ። እንዲህ በአንድ ክር መስፋት ለልብ ወለድ ይመቻል፤ ለታሪክ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አንድ ክር ግን አለ፣ ብጎትተው ብጎትተው አልበጠስ ያለኝ። የኮሶው ነገር ነው።

ወይዘሮ አትጠገብ ኮሶ ሸጡም አልሸጡም፣ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚለው ስድብ ካሳን ተከትሎታል። ቋራ ላይ ሸፍቶ ስሙ ሲገን እቴጌ መነን ደጃዝማች ወንድይራድ የተባለውን ሹማቸውን ላኩበት። ወንድይራድ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ አስሬ አመጣዋለሁ ብሎ ፎከረ። ጦርነቱ ሆነ፤ የታሰረው ወንድይራድ ሆነ። ካሳም ኮሶ አስበጥብጦ አቀረበለት። እናቴ ዛሬ ገበያ አልቀናትምና እራት የለም፣ ይህንኑ ጠጣ አለው ተብሎ ይተረካል። ይህን ስናወራ እንስቃለን። እኔም ስቄያለሁ። ልጆቻችንም «ጎበዝ!» ይላሉ። ሸፍቶ በረሃ ላለ ሰው ልክ ነው፤ በዚያ ስድብ የዋጠ ሰው በማግሥቱ ተከታይ አይኖረውም።

አሁን ሃያ ዓመት ያህል ወደፊት እንሂድ። ካሳ የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ጭኗል፤ ከዚህ ወዲህ አንቱ እንበላቸው። ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚሲዮናዊ አገራቸው ገብቶ ወጣና እ.ኤ.አ. በ1862 መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉም የንጉሡ እናት ኮሶ ሻጭ ነበረች የሚል ቃል አስገባ። ይህችው ቃል ወሬኛ አላጣችም፤ ቤተ መንግሥት ደረሰች። ስተርን ተደበደበ፣ በሰንሰለት ታሰረ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ንጉሡ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ። ዝምታውም ስድብ ሆነ። ቆንስሉ ካሜሮን በ1856 ዓ.ም. ታሰረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ እንግሊዞች በናፒየር አዝማችነት መጡ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጡ ተተኮሰ።

የደብዳቤው ዝምታ ንቀት አልነበረም እያልኩ አይደለም። ንቀት ነበር። ለንደን ያሉት ሹማምንት ወረቀቱን ከነክብሩ አቧራ አልብሰውታል። ግን ንቀትን የሚመልስ ንጉሥ ብዙ መንገድ አለው። መልእክተኛ ይልካል፣ ሌላ መንግሥት ይወዳጃል፣ ጊዜ ይጠብቃል። ወንድይራድን ኮሶ ያጠጣው ጎረምሳ ግን የሚያውቀው መንገድ አንድ ነበር፤ ያቺም መንገድ ከዚያ ቀደም አሳፍራው አታውቅም።

በረሃው መጥፎ ብቻ አላስተማረም። እንዲያውም ቴዎድሮስን ከዘመኑ መሳፍንት የለየው ትልቁ ነገር ከዚያው ከቋራ የመጣ ነው። ሽፍታው ካሳ የዘረፈውን ብር ለገበሬዎች አከፋፍሎ ማረሻ ግዙበት ማለቱን ዘነብ ጽፈውልናል። የመኳንንት ልጅ ገበሬን ከፈረስ ጀርባ ላይ ሆኖ ነው የሚያየው፤ ካሳ ግን ተደብቆ ያደረው በገበሬ ጎጆ፣ የበላው የገበሬ ማሽላ ነው። ንጉሥ ሲሆኑ ያወጡት የመጀመሪያ አዋጅም ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ፣ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ የሚል ነበር።

በዚህ አዋጅ ላይ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። የጥንት ሽፍቶች ጭፍራ ንጉሡ ፊት ቀርበው፣ እንደ አዋጅዎ ወደ አባቶቻችን ሥራ ልንመለስ ነውና ይፍቀዱልን አሉ። ሥራችሁ ምንድን ነው? ቢባሉ፣ ዘረፋ አሉ። ንጉሡ በሬ ልስጣችሁ፣ እረሱ ብለው ለመኗቸው። እምቢ አሉ። እንግዲያው ሂዱ አሏቸው፤ ከኋላቸውም ፈረሰኛ ልከው አስጨረሷቸው። በዘመኑ የነበሩ ፈረንጆች ይህን ንጉሡ ምን ያህል ቆራጥ እንደነበሩ ለማሳየት ይጠቅሱታል። እኔ ግን ሳስበው የሚመጣብኝ ሌላ ነው። በዚያች ድንኳን ውስጥ በረሃን የሚያውቁት እነዚያ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ከፊታቸው የተቀመጠው ሰውዬም ያውቀው ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ የባሰ ነው። አገሩ በየአቅጣጫው ሲሸፍት፣ ንጉሡ የቀራቸው የሚንቀሳቀስ ሰፈራቸው ብቻ ሆነ። የበጌምድር ገበሬ፣ ያ ማረሻ የተገዛለት ገበሬ ልጅ፣ ጎተራው ተራቆተ። ሽፍታ አንዱ አገር ሲያልቅበት ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ንጉሥ ግን የት ይሻገራል?

ሽማግሌው «በረሃው ነው ያሳደገው» ሲሉኝ የዘለሉት አንድ ሰው አለ፦ ደጃዝማች ክንፉ። ወንድሙ ነው የሚሉ አሉ፣ አጎቱ ነው የሚሉም አሉ። ከገዳሙ ያመለጠው ልጅ የተጠለለው እሳቸው ቤት ነው። ፈረስና ጦር የተማረው፣ ሹመት ምን እንደሆነ ያየው እዚያ ነው። ክንፉ በ1829 ዓ.ም. በዚሁ በጠረፍ በኩል የመጣውን የግብፅ ጦር የመቱ ሰው ናቸው። በ1831 ዓ.ም. ሞቱ፤ ግዛታቸውም ወደ እቴጌ መነን እጅ ገባ። ካሳ ያኔ ሃያ ዓመት ገደማ ነው። የገባበት ቤት ሲዘጋ ነው ጫካ የገባው። ክንፉ አሥር ዓመት ቢቆዩ ኖሮ ምናልባት ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ አይኖረንም ነበር፤ ምናልባት ደግሞ የተሻለ ቴዎድሮስ ይኖረን ነበር። ይህ እንግዲህ እኔ ራሴ ልብ ወለድ መጻፌ ነው፤ ይቅር በሉኝ።

ለማወዳደር ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1848 ዓ.ም. ሸዋ ሲወድቅ ቴዎድሮስ የአሥራ አንድ ዓመቱን ምኒልክን ማርከው ወሰዱት። ልጁ አሥር ዓመት ያህል በእጃቸው ቆየ። የጎረምሳነት ዕድሜውን በሙሉ ያሳለፈው ነገ እገደል ይሆን በሚል ስጋት ነው። ያም ቢሆን ንጉሡ እንደ ልጅ አሳደጉት፣ አስተማሩት፣ ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩለት። ምኒልክ መቅደላ ላይ የተማረው ቀንን መጠበቅ ነው። በ1857 ዓ.ም. አምልጦ ሸዋ ገባ። በኋላም ዮሐንስ በበረቱበት ጊዜ በ1870 ዓ.ም. ገበረ፣ ጠበቀ። ዮሐንስ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ከዚህች ከገለጉ ብዙም በማይርቀው መተማ ላይ ሲወድቁ ተራው ደረሰው። ሁለቱም ልጆች ሞትን በአፍላ ዕድሜያቸው ያዩ ናቸው። አንደኛው የተማረው መቅደምን ነው፤ ሌላው መቆየትን። ልዩነቱ የአደጋው መጠን ይመስላችኋል? ለእኔ አይመስለኝም። አንደኛው በአደጋው ውስጥ ሳለ ከአጠገቡ የሚያስተምረው ሰው ነበረው። የሚገርመው ደግሞ ያ ሰው ቴዎድሮስ መሆናቸው ነው።

የራሳቸው ልጅ ዓለማየሁ ግን ይህን አላገኘም። በሰባት ዓመቱ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ ሞግዚትም ትምህርት ቤትም አላጣም። ከአደጋ ሁሉ ተጠብቆ፣ ኅዳር 1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ሞተ።

ወደ ገለጉ ልመለስ። የሰሊጥ አጨዳ ፋታ አይሰጥም፤ ቀኑ ካለፈ ፍሬው ከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ጎረምሳው በብዛት ይወርዳል፣ ማሳው ውስጥ ያድራል፣ ግራር ሥር ይተኛል። የወባውን ነገር ሁሉም ያውቀዋል። ካላዛር የሚባለውን ግን ደጋ ያለው ሰው ብዙም አያውቀውም። የምታስተላልፈው ዝንብ በጣም ትንሽ ናት፣ ድምፅ የላትም። ነክሳው ልጁ ምንም ሳይሰማው ሥራውን ይጨርሳል፣ ብሩን ይቀበላል፣ ለእናቱ ሻሽ ገዝቶ አገሩ ይገባል። ትኩሳቱ የሚጀምረው፣ ጣፊያው የሚያብጠው ከወራት በኋላ ነው፤ የቆላውን ነገር ሁሉም ሰው፣ እሱ ራሱም፣ ከረሳው በኋላ። ጤና ጣቢያ ሲሄድም ባለሙያው «ቆላ ወርደህ ነበር?» ብሎ ካልጠየቀው መድኃኒቱ ለሌላ በሽታ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ሱዳንም የእኛም አገር ተኩስ ውስጥ ከገቡ ወዲህ ደግሞ በዚህ ላይ ጥይትና እገታ ተጨምሯል።

ያን ቀን ከሻይ ቤቱ ስወጣ ትንሹን ልጅ ጥላ ሥር ቆሞ አገኘሁት። ቀጣሪ እየጠበቀ ነው። ጎረምሳ ለመምሰል ድምፁን ያጎረንናል፤ ከንፈሩ ላይ ግን ገና አንድም ጠጉር አልበቀለም።

«አንድ ለናቱ ነህ?» አልኩት፣ ለቀልድ።

«አይ ጋሼ፣ አምስት ነን።»

«እናትህ እዚህ መሆንህን ታውቃለች?»

ፌስታሉን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ አዛወረ። «ስመለስ ታውቃለች» አለኝ።